ለሽማግሌው ያሳየሁት መንገድ

ይሄ በእኔ ላይ የደረሰ ነገር ነው።

ሰው ነግሮኝ ወይ የሆነ ቦታ አንብቤው አይደለም። በሁለት ዓይኔ ያየሁት፣ በገዛ አፌ ያመጣሁት ነው።

ባታምኑኝ አልቀየምም። እንደውም ባታምኑኝ ይሻለኛል... ውሸት ከሆነ እኮ ጥፋትም የለብኝም ማለት ነው።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ሰዓቱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አምስት። ቦታው በማላውቀው ከተማ፣ አንድ ትልቅ አደባባይ ዳር፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ።

ፀሐይ ወጥታለች። ሰው ወደ ሥራው ይጣደፋል። መኪና ይጮሃል። የሚያስፈራ ነገር ሊፈጠርበት የሚችል ሰዓትም ቦታም አልነበረም።

ግን ተፈጠረ...

ስለ ራሴ ትንሽ ልበል። ሙያዬ ቀያሽ ነው። መንገድ ከመጠረጉ፣ ቤት ከመቆሙ በፊት ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክሎ፣ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ መሬት የሚለካ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ እሱ ነኝ።

እንጀራዬ ቦታን ማወቅ ነው። ከቤቴ እስከ ቀጠሮዬ መድረስ ግን አይሆንልኝም።

ቤተሰብ ውስጥ የሚጠሩኝ "መጣሁ" እያሉ ነው። ሲደወልልኝ ገና ብርድ ልብሴ ውስጥ ሆኜ "መጣሁ፣ መጣሁ፣ ታክሲ ውስጥ ነኝ" ስለምል። የታላቅ እህቴ ሰርግ ላይ የደረስኩት ወንበር ሲነሳ ነው። የቤተሰብ ፎቶው ላይ የለሁም።

የምሠራበት ድርጅት ከተዘጋ ሰባት ወር አልፎ ነበር። ሰባቱንም ወር እህቴ ቤት ሶፋ ላይ ነው ያሳለፍኩት። የእህቴ ባል አንድ ቀን እንኳን ክፉ ቃል አልወጣውም። ይሄው ደግነቱ ነው የባሰብኝ። ጠዋት ወደ ሥራ ሲወጣ እንዳይቀሰቅሰኝ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በእግር ጣቱ እየረገጠ በአጠገቤ ያልፋል።

ነቅቼ እኮ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማዋለሁ።

ከዚያ ደብዳቤ መጣ። በሌላ ከተማ ያለ አንድ የካርታ ሥራ ድርጅት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ማክሰኞ፣ ሦስት ሰዓት። የሚፈለገው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከታች በደማቁ "ሰዓት ያላከበረ ተወዳዳሪ አይስተናገድም" ይላል።

እህቴ እዚያ መስመር ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ።

"ሰኞ በጊዜ ትደርሳለህ። ከሰዓት ሄደህ ቦታውን ታየዋለህ። በእግርህ። ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ ትይዛለህ። ገባህ?"

"ገባኝ።"

"መጣሁ ብሎ ነገር የለም።"

"የለም አልኩሽ!"

ሰኞ ደረስኩ። አንድ ማረፊያ ቤት አልጋ ያዝኩ። የመንገዱ ድካም እስኪወጣልኝ ትንሽ ጋደም ልበል አልኩ...

ስነቃ መሽቷል። ስልኬ ይጮሃል። እህቴ ናት።

"አየኸው?"

"አየሁት።"

"ይርቃል?"

"አሥራ ሁለት ደቂቃ" አልኳት።

አሥራ ሁለት! ውሸት ቁጥር ሲገባበት እንዴት እውነት እንደሚመስል...

"ጎበዝ የኔ ወንድም" አለች። ድምፅዋ ተቆረጠ። እያለቀሰች ነበር፤ በደስታ።

በማግስቱ ያልኳችሁ አደባባይ ላይ የወረድኩት የተሳሳተ አውቶቡስ ተሳፍሬ ነው። ሃያ አምስት ደቂቃ ቀርቶኛል። ስልኬ ላይ ያለው ካርታ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ ያዞረኛል። ላቤ በጀርባዬ ይወርዳል። ቀያሽ ሆኜ ጠፋሁ ብዬ ለመጠየቅ ሳፍር፣ ሦስት ደቂቃ ደግሞ በዚያ አለፈ።

በመጨረሻ አንድ ጫማ ሰፊ ጠየቅኩ። ከሥራው ቀና ሳይል ነገረኝ።

"ባንኩን አየኸው? በጎኑ ያለችውን ቀጭን መንገድ ግባ። ከጀርባው ቢጫ ሕንፃ አለ። ምድር ቤት ናቸው። አምስት ደቂቃ አይሞላም።"

ነፍሴ መለስ አለች። ልሄድ ዞር ስል...

"ልጄ፣ ይቅርታ... አላስቸግርህምና..."

ሽማግሌ ናቸው። አመድማ ሱፍ ለብሰዋል፤ የሱሪው መስመር እንደ ቢላ ነው። ጫማቸው ያብረቀርቃል። ሲላጩ አገጫቸውን ቆርጧቸው ኖሮ ትንሽ ወረቀት ለጥፈውበታል። በብብታቸው ማህደር ይዘዋል።

ደብዳቤ ዘረጉልኝ። "ይህን ቦታ ታውቀው ይሆን?"

አርማው ያው ነው። ሰዓቱ ያው ነው። የሥራ መደቡም ያው ነው።

"ለአገሩ እንግዳ ነኝ" አሉ። "ልጄ ጋ ከመጣን ገና ሁለት ወራችን ነው። ትናንት መጥቼ ላየው ነበር፤ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ።"

"እርስዎ... ቀያሽ ነዎት?"

"ነበርኩ። አሁንም ነኝ እንጂ!" ሳቁ። "አረጀህ ብለው አሰናበቱኝ። እስቲ እነዚህ ደግሞ ምን ይሉኝ ይሆን? አንተስ ምን ትሠራለህ?"

ማህደሩ የሚያሳይ ላስቲክ ስለሆነ የመጀመሪያው ገጽ ይታያል። *የሥራ ልምድ፦ ሃያ ሰባት ዓመት።*

እኔ ሦስት ነው ያለኝ።

"እኔ... እዚሁ ነው የምሠራው። እየገባሁ ነው" አልኩ።

ከዚያ እጄን አነሳሁ።

እዩልኝ... እጄን ወደ ባንኩ አልነበረም ያነሳሁት።

"ያን ድልድይ ያዩታል አባባ? ይሻገሩት። እንደተሻገሩ በግራ ይታጠፉ። ትንሽ ሄድ እንዳሉ ሰማያዊ በር አለ። ሁለተኛ ፎቅ ይወጣሉ። እንግዳ ተቀባይዋ ስምዎን ትመዘግባለች። ከዚያ ቁጭ ብሎ ተራ መጠበቅ ነው።"

ድልድዩን ያየሁት በአውቶቡሱ መስኮት ነው። ከማዶው ምን እንዳለ አላውቅም። ሰማያዊ በር፣ ሁለተኛ ፎቅ... ከየት እንደመጣልኝ ዛሬም አልገባኝም። ዝም ብሎ ከአፌ ወጣ።

እሳቸው እስክሪብቶ አውጥተው ደብዳቤው ጀርባ ላይ ጻፉት። እንደ ተማሪ እየደገሙ።

"ድልድይ... በግራ... ሰማያዊ በር... ሁለተኛ ፎቅ። እደርስ ይሆን?"

"በደንብ! አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።"

ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። እጃቸው ይሞቃል።

"ዛሬ ባንተ ዕድሜ ቆሞ የሚያስረዳ ሰው የለም። ይባርክህ ልጄ።"

ሄዱ። አንዱን ጉልበታቸውን እየሳቡ፣ ግን እየፈጠኑ። እስከ ድልድዩ አፍ ድረስ በዓይኔ ሸኘኋቸው። "አባባ!" ብዬ አንዴ ብጣራ ይሰሙኛል።

አልተጣራሁም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ቢጫው ሕንፃ ውስጥ ነበርኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀድሜ ደረስኩ።

ስድስት ሰው ነው የተጠራው። አምስታችን ግድግዳ ተደግፈን ተቀምጠናል። እንግዳ ተቀባይዋ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ደልደል ያለች ሴት ናት። ሦስት ሰዓት ሲሆን የጠያቂዎቹ ሰብሳቢ በሩን ከፍቶ ብቅ አለ።

"ተሟሉ?"

"አንድ ይቀራሉ። ትልቁ ሰውዬ።"

"እኔ እኮ ማየት የፈለግኩት እሳቸውን ነበር" አለ ቅር ብሎት። "ደውይላቸው እስቲ። በዚያ ዕድሜ መንገድ ጠፍቷቸው ይሆናል።"

ጫማዬን አየሁ።

እሷ እየጻፈች ስለነበር ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረገችው። ሁላችንም እንሰማለን። አንዴ ጠራ... ሁለቴ...

"አቤት።"

እሳቸው ናቸው። ያንሾካሹካሉ። ሰው ፀጥ ብሎ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ስልክ የተደወለለት ሰው እንደሚያንሾካሹከው።

"አባባ፣ ከካርታ ድርጅቱ ነው። የት ደረሱ?"

"ደርሻለሁ እኮ።"

"የት አባባ?"

"እዚሁ ነኛ... ፊት ለፊትሽ ተቀምጫለሁ።"

እርስ በርስ ተያየን። አንዱ ተወዳዳሪ ሳቁን አፈነ።

"እዚህ የሉም አባባ።"

"አሁን አይደል እንዴ ስሜን የመዘገብሽው? ሰማያዊውን በር አልፌ... ሁለተኛ ፎቅ..."

ከጫማዬ ቀና አልኩ።

ከኋላቸው ድምፅ ይሰማል። ወንበር ሲንቋቋ... ሰው ሲያስል... ወረቀት ሲገለጥ። ብዙ ሰው ነው። በጣም ብዙ ሰው።

"አባባ፣ እኛ ምድር ቤት ነን" አለች ቀስ ብላ። "ሰማያዊ በር የለንም።"

ዝም አሉ። ሳሉም ወረቀቱም አብሮ ዝም አለ። ሁሉም በአንድ ጊዜ።

ከዚያ ድምፃቸው የበለጠ ዝቅ ብሎ መጣ...

"ልጄ... ታዲያ ይቺ እያየችኝ ያለችው ማናት?"

ተቋረጠ።

ደግማ ደወለች። አይጠራም። ሰብሳቢው ራሱን ነቀነቀ። "እርጅና ነው" አለ አዝኖ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አንተ ግባ።"

ገባሁ። ከጥያቄዎቹ አንዷን ብቻ ነው የማስታውሳት።

"ጠንካራ ጎንህ ምንድን ነው?"

"ታማኝነት" አልኩ።

ዓርብ ተደወለልኝ። ሥራውን አግኝቻለሁ። እህቴ ጩኸቷ ጆሮዬን ሊያደነቁረው ነበር።

"በሰዓቱ ደረስክ! አየህ ቦታውን ቀድሞ ማየት ምን እንደሚጠቅም?"

"አየሁ" አልኳት።

ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ቀን፣ በምሳ ሰዓት ድልድዩን ተሻገርኩ።

በግራ መታጠፊያ የለም። አስፋልቱ በቀኝ ብቻ ነው የሚሄደው። በግራ በኩል ሜዳ ነው። እስከ ወንዙ መታጠፊያ ድረስ ሣርና ረግረግ። አንድ የወደቀ የሽቦ አጥር አለ። ሌላ ምንም።

ቢሮ ተመልሼ ካርታ አገላበጥኩ። ከአርባ ዓመት በፊት ከአየር የተነሳውንም ፎቶ አወጣሁ። እዚያ ሜዳ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ተቀምጦ አያውቅም።

ሽማግሌው ግራ ገብቷቸው ተመልሰዋል፣ ቤታቸው ገብተዋል፣ በስልኩም የዘባረቁት ደክሟቸው ነው አልኩ ለራሴ። ቀን ቀን አምነዋለሁ። ግን ሰብሳቢው በአጠገቤ ባለፈና "ጎበዝ፣ ከሁሉ ቀድመህ ትገባለህ" ባለኝ ቁጥር ፊቴ ይግላል።

ወር ሊሞላ ሲል አልቻልኩም። ከማመልከቻዎቹ ማህደር ውስጥ አድራሻቸውን አውጥቼ፣ ሐሙስ ዕለት ከሥራ ትንሽ ቀደም ብዬ ወጥቼ ሄድኩ።

ትንሽ ቤት ናት። የከፈተችልኝ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ነች። ሜትር አንገቷ ላይ ጠምጥማለች፤ ሦስት መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛለች። ከኋላዋ መስኮቱ ሥር የስፌት መኪና ይታያል።

"ማንን ፈልገህ ነው?"

"አባትሽን... በቃለ መጠይቁ ቀን አግኝቻቸው ነበር። አደባባዩ ጋ።"

መርፌ ቁልፎቹን ከአፏ አወጣች።

"መንገድ ያሳየኸው... አንተ ነህ?"

መልሴን ሳትጠብቅ እጄን በሁለት እጇ ያዘችው።

"እማዬ! ነይ እማዬ! ያ ደጉ ልጅ መጣ!"

እየጎተተች አስገባችኝ፣ አስቀመጠችኝ። "ስላንተ ሳያወራ የዋለበት ቀን የለም። 'አንድ ደግ ልጅ ባያሳየኝ ኖሮ' ይላል። እኛ ደግሞ ማን ብለን እናመስግን?"

መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር።

"አሁን... የት ናቸው?"

"ሥራ ነዋ!"

"ሥራ?"

"አግኝቶት የለ እንዴ! በማግስቱም ና ብለውኛል ብሎ ሄደ፣ ከዚያ ወዲህ ቀርቶ አያውቅም። እሁድ እንኳን አይቀርም። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይገባል፣ ታገኘዋለህ።"

የስፌት መኪናው ላይ የተቆረጠ ጨርቅ አለ። አመድማ። ጣት ጣት የሚያህል ስፋት ያለው ቁራጭ፣ አንድ ክምር።

እንዳየሁት አየችና ሳቅ አለች። "የሱ ሱፍ ነው። ይሰፋኛል እያለ በየሳምንቱ አጠብበዋለሁ። ይሄ አራተኛዬ ነው። ሥራው አከሳው መሰለኝ..."

ሳቋ መሃል ላይ ቆመ።

እናቷ ገቡ። ረዥም፣ ቀጭን ሴት። ሰላም አላሉኝም። አዩኝ ብቻ።

"ውሃ አምጪለት" አሏት። ልጅቷ ወደ ጓዳ ስትገባ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ።

"የት ነው የላክኸው?"

"እማማ..."

"ቀስ በል። ልጄን ድካም ነው ብያታለሁ፤ ትሰማለች። የት ነው?"

"ምን ሆኑ?"

"አርባ አንድ ዓመት 'አንቺ' ብሎኝ የኖረ ሰው ነው" አሉ። "ከዚያን ቀን ጀምሮ 'እርስዎ' ነው የሚለኝ።"

ወደ ደጁ በር ጠቆሙኝ።

"የገዛ ቤቱን ያንኳኳል። 'ይቅርታ፣ የምጠብቀው እዚህ ነው?' ይለኛል። አዎ እለዋለሁ። ምን ልበለው? ከዚያ ያ ወንበር ላይ... ማህደሩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ... እስኪነጋ።"

"አይተኙም?"

"ዓይኑን አይከድንም።"

መናገር ነበረብኝ።

"እማማ... ቦታውን አውቀው ነበር። አውቄ ነው ያሳሳትኳቸው። ሥራው አንድ ነው፣ እሳቸው ይበልጡኝ ነበር። ከድልድዩ ማዶ ምንም የለም። ሰማያዊው በር... ከአፌ ነው የፈጠርኩት።"

በጥፊ ይሉኛል ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ደረቴን አዩ። የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ከአንገቴ ላይ ሳላወልቅ ነበር የመጣሁት።

"ስለዚህ አንተ ገባህ።"

"አዎ።"

"እንኳን ደስ አለህ" አሉኝ።

ቢሰድቡኝ በስንት ጣዕሙ።

ቀና ስል ልጅቷ ብርጭቆውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ሰምታለች። ብርጭቆውን ቀስ ብላ የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ስማ" አሉ እናትየው። "መሄጃውን የነገርከው አንተ ነህ። መመለሻውንም አንተ ንገረው። የሚያምነው አንተን ነው።"

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ።

ሦስት ጊዜ። በጣም ቀስ ብሎ።

ገቡ። ያው አመድማ ሱፍ ነው፣ ያው የሚያብረቀርቅ ጫማ። ሰውየው ግን... አጥረዋል። ከስተዋል ማለቴ አይደለም። አንሰዋል። ልክ ከሩቅ እንደሚታይ ሰው።

አገጫቸው ላይ ያቺ ትንሽ ወረቀት አለች። ደሙ እርጥብ ነው። ከወር በኋላ...

"ይቅርታ እርስዎ፣ የምጠብቀው እዚህ ነው?" አሉ ለባለቤታቸው። ከዚያ አዩኝ። ፊታቸው በራ። "አንተ ልጅ! መጣህ?"

እናትየው ዓይናቸውን ጨፈኑ። "አንተ" የተባልኩት እኔ ብቻ ነኝ።

"አባባ... የነገርኩዎት መንገድ ልክ አልነበረም።"

"ኧረ ደረስኩ! በሰዓቱ ደረስኩ!"

"መመለሻውን ልንገርዎት። ደረጃውን ይውረዱ። ከሰማያዊው በር ሲወጡ በቀኝ ይታጠፉ። ድልድዩን ይሻገሩ። ማዶ ላይ ባለቤትዎ ቆመው ይጠብቁዎታል። ከዚያ ቤትዎ ነው።"

እስክሪብቷቸውን አወጡ። ደብዳቤው ጀርባ ላይ አንድ በአንድ ጻፉት። ጠበቅን። አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

"አመሰግናለሁ ልጄ። ግን አሁን ብነሳ ተራዬ ያልፈኛል። ገና አልተጠራሁም እኮ።"

"አባዬ... ሥራ አልያዝክም?" አለች ልጅቷ።

አልሰሟትም። ወደ እኔ ጠጋ አሉ። ትንፋሻቸው ቀዝቃዛ ነው።

"ስንት ሰው እንዳለ ብታይ... ከእኔ በፊት የመጡ አሉ። አንዷማ 'ስገባ ልጅ ነበርኩ' ትላለች። ማንም አይቆጣም፤ ሁሉም በሥርዓት ነው።" ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። "ስላንተ ነግሬያቸዋለሁ። ወንበር ይዘውልሃል።"

ከዚያ ሄደው ተቀመጡ። ማህደራቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። አልተንቀሳቀሱም።

እናትየው እስከ ደጅ ሸኙኝ።

"ነገ አብሬው እሄዳለሁ" አሉ በሹክሹክታ። "ከፊቱ ቀድሜ እጎትተዋለሁ። አንተም ትመጣለህ።"

"እመጣለሁ።"

"ማልልኝ።"

ማልኩላቸው።

ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ድልድዩ ጋ ቆሜያለሁ። መሐላዬን ጠብቄ፣ በሰዓቱ።

ክንድ ለክንድ ተያይዘው መጡ። እማማ ለሰርግ የሚለበስ የመሰለ ቀሚስ ለብሰዋል። ድልድዩን ሦስት ሆነን ተሻገርን።

አስፋልቱ ወደ ቀኝ የሚታጠፍበት ስንደርስ እሳቸው በግራ ታጠፉ። ጭቃው ላይ... ንጹሕ ኮሪደር ላይ እንደሚሄድ ሰው፣ ዓይናቸውን እንኳን ወደ መሬት ሳይጥሉ።

እማማ አንድ እግራቸው ጭቃ ላይ፣ አንድ እግራቸው አስፋልት ላይ ሆኖ ዞሩ።

"ና እንጂ!"

አልተነቃነቅኩም።

"ና ልጄ... ያዝልኝ። ለሁለት እንመልሰዋለን። ብቻዬን አልችለውም!"

እጃቸውን ዘረጉልኝ።

ሰዓቴን አየሁ። ለሦስት ሰዓት አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ይቀራል። የሙከራ ጊዜ ላይ ነኝ። ከአሁኑ ብሮጥ እደርሳለሁ። ወንበር ይዘውልሃል ያሉኝ ቃል ደግሞ ጆሮዬ ውስጥ ነው...

ያልኩትን ልንገራችሁ።

"እማማ... ሥራ ይረፍድብኛል" አልኳቸው።

አልተቆጡም። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ እንደገባቸው ሰው። ከዚያ እጃቸውን መልሰው የባላቸውን ክንድ ያዙ።

ወንዙ ዳር ጉም ነበር። ሁለት ጀርባ... ከዚያ ሁለት ጥላ... ከዚያ ምንም።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ሲቀር ቢሮ ገብቼ ፈረምኩ።

ማታ ልጅቷ ደወለች። አራት ጊዜ። ስልኬን አጠፋሁ። ሁለቱም አልተመለሱም። ፖሊስ ወንዙን አሰሰ፣ ሜዳውን በውሻ ፈተሸ። እኔንም ጠየቁኝ። ሁሉንም ነገርኳቸው ማለት ይቻላል። አዛዡ ወረቀቱን ሰብስቦ "ለሰው መንገድ አሳስቶ መንገር ነውር ነው እንጂ ወንጀል አይደለም" አለኝና አሰናበተኝ።

ሥራውን ከዚያ በወሩ ተውኩት። ከተማውንም። ለእህቴ ድርጅቱ ሰው ቀነሰ አልኳት።

ልጅቷ አንድ መልእክት ብቻ ላከችልኝ። "መንገዱን ለእኔም ንገረኝ" ይላል። እስከ ዛሬ አልመለስኩላትም።

ለፖሊስ ሁሉንም ነገርኳቸው ማለት ይቻላል ያልኩት... አንድ ነገር ስላስቀረሁ ነው። ለማንም አልተናገርኩትም።

ያን ጠዋት፣ እነሱ ጉሙ ውስጥ ከጠፉ በኋላ፣ ከመሮጤ በፊት፣ ወደ መሬቱ አየሁ። መሬት ማየት ልማዴ ነው።

ጭቃው ላይ ዱካቸው ጥርት ብሎ ይታያል። የሳቸው፣ አንዱ እግር የሚጎተት። የእማማ፣ ጠበብ ያለ፣ ተረከዙ የጠለቀ።

ከእማማ ጎን ሌላ አለ።

ሦስተኛ ዱካ። የወንድ ጫማ። እርምጃ በእርምጃ አብሯቸው ሄዷል፤ እስከ ጉሙ ድረስ።

መነሻውን በዓይኔ ተከተልኩት። ወደ ኋላ... ወደ አስፋልቱ... ወደ እኔ...

የሚጀምረው ከእግሬ ጫፍ ነው።

እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅኩም ነበር። አንዱን ጫማዬን አንስቼ ሶሉን አየሁ።

ጭቃ አልነካውም።